አንድ ቺኑክ ብቻ ተረፈ፦ ሄሊኮፕተር በፎክላንድ ጦርነት

ሜይ 25 ቀን 1982 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 17 ቀን 1974 ዓ.ም.። «አትላንቲክ ኮንቬየር» የምትባል የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ከፎክላንድ ደሴቶች በስተሰሜን ምሥራቅ ባሕር ላይ ናት። ከወለሏ አንድ ቺኑክ ሄሊኮፕተር ከሌላ መርከብ ዕቃ ሊያመጣ ተነሥቶ ሄዷል። እሱ አየር ላይ እንዳለ የአርጀንቲና ባሕር ኃይል ጄቶች የተኮሷቸው ሁለት ኤግዞሴት ሚሳይሎች መርከቧን መቷት። ካፒቴኗን ጨምሮ 12 ሰው ሞተ። ሦስት ቺኑኮች፣ ስድስት ዌሴክስና አንድ ሊንክስ የተባሉ ሄሊኮፕተሮች እንደታሰሩ ነደዱ። አየር ላይ የነበረው ቺኑክ መመለሻ አጣና «ኸርሚስ» በተባለችው አውሮፕላን ጫኝ መርከብ ላይ አረፈ። መፍቻው፣ መለዋወጫው፣ የጥገና መጽሐፉ ሁሉ ከመርከቧ ጋር ተቃጥሏል።

(ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የፎክላንድ ጦርነት ሲነሣ ወሬው ወዲያው ወደ ሃሪየር ጄቶች፣ ወደ ኤግዞሴትና ወደ ሰመጠችው የአርጀንቲና የጦር መርከብ «ጄኔራል ቤልግራኖ» ይሄዳል። ሄሊኮፕተሩን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። እኔ ግን የጦርነቱን ፍጥነት የወሰነው እሱ ነው ባይ ነኝ። አዛዦቹ ካርታ ላይ የፈለጉትን ቢያሰምሩ፣ ጦሩ የሚደርሰው በዚያ ቀን መነሣት የቻሉት ሄሊኮፕተሮች መድፉንና ጥይቱን እስካደረሱበት ድረስ ብቻ ነበር።

ምክንያቱን ለማየት ቦታውን ማወቅ ይበቃል። አርጀንቲና ማልቪናስ የምትላቸውን፣ በደቡብ አትላንቲክ በእንግሊዝ ሥር የነበሩትን እነዚህን ደሴቶች ኤፕሪል 2 ቀን ያዘች። በሦስተኛው ቀን «ኸርሚስ» እና ሌላዋ አውሮፕላን ጫኝ «ኢንቪንሲብል» ከእንግሊዙ ፖርትስመዝ ወደብ ተነሡ። መንገዱ 13,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአየር ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ካለው ይበልጣል። መሃል ላይ አሴንሽን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከእሷ ወዲያ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር ብቻ ነው። ደሴቶቹ ላይ ደግሞ ከስታንሊ ከተማ ከወጡ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። መሬቱ ውኃ የጠጣ ጥቁር ረግረግ ሲሆን፣ እዚህም እዚያም እንደ ወንዝ የተዘረጋ የድንጋይ ክምር አለበት። መኪና ይሰጥማል፤ ሰውም ቁርጭምጭሚቱን ይሰበራል። ሰኔ እዚያም ክረምት ነው። የእነሱ ክረምት ግን ከዝናቡ ጋር በረዶና ሥጋ የሚሰነጥቅ ነፋስ ያለበት ነው።

መርከብ ላይ የሚኖር ሄሊኮፕተር የብስ ላይ ካለው ወንድሙ ይለያል። መጀመሪያ ነገር ቦታ የለውም። ፍሪጌት በሚባል የጦር መርከብ ላይ ሃንጋሩ አንድ ሄሊኮፕተር እየተገፋ የሚገባበት ጠባብ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ተሽከርካሪ ክንፉ፣ አንዳንዴም ጅራቱ፣ ይታጠፋል። ጨው ብረቱን እንዳይበላውና ሞተሩን እንዳያንቀው በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። ከባዱ ሥራ ግን ማረፉ ነው። መርከቧ ትወዛወዛለች፤ የኋላ ወለሏ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ላይ ይነሣና ወደ ታች ይወርዳል። አብራሪው ከመርከቧ ጎን እኩል እየበረረ ይጠብቃል። ማዕበሎቹ መሃል አንድ የዕረፍት ቅጽበት ትመጣለች፤ ያን ጊዜ ወደ ጎን ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ሊንክስ የተባለው ሄሊኮፕተር እንደተቀመጠ ከሆዱ የወጣ መንጠቆ የወለሉን የብረት መረብ ይጨብጣል። ክንፉም ሽቅብ ማንሣቱን ትቶ ቁልቁል ይጫነዋል፤ ካልሆነ ቀጣዩ ማዕበል ባሕር ውስጥ ይጥለዋል።

በዚህ ጦርነት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የያዛቸው ዓይነቶች ብዙ ቢሆኑም አራቱን ማወቅ ይበቃል። ዋስፕ ትንሽና አሮጌ ነው። ሊንክስ ፈጣንና በጊዜው አዲስ ነበር። ዌሴክስ የጭነት አህያቸው ነው። ሲ ኪንግ ደግሞ ትልቁ ነው፤ ገሚሱ ሰርጓጅ መርከብ አዳኝ፣ ገሚሱ ወታደር አመላላሽ።

ከአዳኙ እንጀምር። እንግሊዞቹን እንቅልፍ የነሣቸው አንዱ ነገር «ሳን ሉዊስ» የምትባል፣ ጀርመን ሠራሽ ንድፍ ያላት የአርጀንቲና ሰርጓጅ መርከብ ነበረች። ሁለቱ አውሮፕላን ጫኞች ከተመቱ ጦርነቱ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ሲ ኪንጎቹ ሌት ተቀን እየተፈራረቁ በረሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሄሊኮፕተሩ ከባሕሩ በላይ ጥቂት ሜትር ላይ ባለበት ቆሞ ይንሳፈፋል። ከሆዱ በረጅም ገመድ አንድ ድብልብል መሣሪያ ውኃ ውስጥ ይሰዳል። ይህ ሶናር ነው፤ ድምፅ ይልክና እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ የሚመጣውን ያዳምጣል። ምንም ከሌለ ገመዱ ይጠቀለላል፤ ሄሊኮፕተሩ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደገና ይሰዳል። እንደገና፣ እንደገና። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጨለማ ውስጥ ነው፤ የሰማዩና የባሕሩ ድንበር አይለይም፤ አብራሪው የሚተማመነው ከፍታ በሚነግረው መሣሪያ ብቻ ነው። ከ«ኸርሚስ» ሲ ኪንጎች ሁለቱ በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ባሕር ገቡ፤ ደግነቱ ሠራተኞቻቸው በሕይወት ወጡ።

ውጤቱ ምን ሆነ? አልተያዘችም። ሜይ 1 ቀን መርከቦችና ሄሊኮፕተሮች ለሰዓታት አሳደዷት፤ ቶርፒዶም ጣሉ፤ ውኃ ውስጥ የሚፈነዳ ቦምብም ጣሉ። «ሳን ሉዊስ» ግን ጦርነቱን ጨርሳ በሰላም አገሯ ገባች። እሷም በበኩሏ የተኮሰቻቸው ቶርፒዶዎች አንዱም አልሠራላትም። የእንግሊዞቹ ሶናር አዳማጮች ከሰሟቸው አጠራጣሪ ማሚቶዎች መሃል ዓሣ ነባሪዎችም ነበሩበት፤ በከንቱ የሞቱ አሉ። ይህን ሥራ ከንቱ ነበር የሚል ሰው ይኖራል፤ አልስማማም። ሰርጓጇ ወደ አውሮፕላን ጫኞቹ ሳትጠጋ መቅረቷ ራሱ ውጤት ነው፤ በር ጠባቂ የሚመዘነው ባልገባው ሌባ ነው።

የሌላዋ ሰርጓጅ ዕጣ ግን ሌላ ሆነ። እሷን ለማውራት ወደ ደቡብ ጆርጂያ ደሴት መሄድ አለብን፤ ከፎክላንድ ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ወዲያ፣ ተራራና ግግር በረዶ ብቻ የሆነ ቦታ። ኤፕሪል 21 ቀን የእንግሊዝ ልዩ ኃይል ኤስ ኤ ኤስ ወታደሮች ፎርቹና በተባለ ግግር በረዶ ላይ በሦስት ዌሴክሶች ወረዱ። ማታውን አውሎ ነፋሱ ድንኳናቸውን ወሰደው። በማግስቱ ኑና አውጡን ብለው በሬዲዮ ጠየቁ። ሄሊኮፕተሮቹ ደረሱ፤ ወታደሮቹን ጫኑ፤ ተነሡ። ወዲያው ነጭ ጭለማ ወረደ። ነጭ ጭለማ የምለው በረዶው፣ ደመናውና ምድሩ አንድ ዓይነት ነጭ ሲሆኑ ነው፤ ላይና ታች አይታወቅም። አንዱ ዌሴክስ ወደቀ። በውስጡ የነበሩትን ለሁለቱ አካፍለው እንደገና ተነሡ። ሁለተኛውም ወደቀ።

የቀረው አንዱ ነው፤ «አንትሪም» ከተባለችው መርከብ የመጣው፣ ሠራተኞቹ «ሃምፍሪ» እያሉ የሚጠሩት አሮጌ ዌሴክስ። አብራሪው ኢያን ስታንሊ ይባላል። ሃምፍሪ የተሠራው ለሰርጓጅ አደን ስለነበር የወደቁት ሁለቱ ያልነበራቸው ራዳር ነበረው። የያዛቸውን ይዞ መርከቡ ገባ፤ ብርድ ልብስና መድኃኒት ጭኖ ተመለሰ፤ አየሩ ከለከለው። እንደገና ሞከረ። ደመናው ሲገለጥለት የቀሩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አጭቆ ተነሣ። ሄሊኮፕተር ወደ ፊት እየበረረ የሚሸከመውን ያህል ባለበት ቆሞ መሸከም አይችልም፤ ቆሞ መንሳፈፍ ከሁሉ ይበልጥ ጉልበት ይበላል። እንደ ሃምፍሪ ከአቅም በላይ የጫነ ደግሞ ያን የዕረፍት ቅጽበት ልጠብቅ ቢል ይወድቃል። ስታንሊ በቀጥታ መጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሄሊኮፕተር ጠፍቶ አንድም ሰው አልሞተም።

በሦስተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 25፣ ይኸው ሃምፍሪ በራዳሩ አንድ ነገር አየ። «ሳንታ ፌ» ናት፤ አሮጌ የአርጀንቲና ሰርጓጅ፣ ደሴቷ ላይ ሰውና ስንቅ አራግፋ ከውኃ በላይ ሆና የምትወጣ። ሁለት ቦምብ አጠገቧ ጣለባት። ተጎዳችና መስጠም የማትችል ሰርጓጅ ሆነች፤ ሰርጓጅ ሰጥማ ካልሄደች ዘገምተኛ ጀልባ ናት። ከዚያ ሊንክስ መጣ፣ በመትረየስ አጣደፋት። ዋስፖችም መጡ፣ ትንንሽ ሚሳይል ተኮሱ፤ ከሚሳይሎቹ አንዳንዶቹ የማማዋን ስስ ልባስ ሳይፈነዱ በስተው አለፉ። እንደምንም ወደ ግሪትቪከን ወደብ ተመልሳ ተጠጋች። በዚያው ቀን የግሪትቪከን ጦር እጁን ሰጠ። አንዲት የጦር ሰርጓጅ በሄሊኮፕተሮች ብቻ ከውጊያ ስትወጣ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም።

ሊንክሶቹ ከሳምንት በኋላ ሲ ስኩዋ የሚባል አዲስ ሚሳይል ሞከሩ፤ በውጊያ ሲተኮስ የመጀመሪያው ነበር። ሄሊኮፕተሩ በራዳሩ ዒላማውን ያበራል፣ ሚሳይሉ ነጥሮ የሚመለሰውን ጨረር ተከትሎ ይሄዳል። ሜይ 3 ሌሊት «አልፌሬስ ሶብራል» የተባለች ትንሽ የአርጀንቲና መርከብ ተመታች፤ አዛዡን ጨምሮ ስምንት ሰው ሞተ። መርከቧ የወጣችው ባሕር ላይ የወደቁ የራሷን ወገን አውሮፕላን ሠራተኞች ፍለጋ ነበር።

አሁን ወደ ቺኑኩ እንመለስ። ሜይ 21 እንግሊዞች በሳን ካርሎስ ባሕር ዳርቻ ወረዱ። የስታንሊ ከተማ ከዚያ በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዕቅዱ ግልጽ ነበር፦ አራቱ ቺኑኮችና ተጨማሪዎቹ ዌሴክሶች ሲደርሱ ጦሩ በአየር እየዘለለ ወደ ተራሮቹ ይጠጋል። ቺኑክ 10 ቶን ገደማ ያነሣል፤ ሲ ኪንግ በገመድ አንጠልጥሎ 3 ቶን ገደማ፤ ዌሴክስ ደግሞ ከሁለት ቶን በታች። ሦስት ቺኑክ ማጣት ማለት እንግዲህ ወደ አሥር ሲ ኪንግ ማጣት ነው። የአንድ መድፍ ሒሳብ ልስጣችሁ። 105 ሚሊ ሜትር መድፉ ራሱ ሁለት ቶን አይሞላም፤ ሲ ኪንግ አንጠልጥሎት ይሄዳል። መድፍ ያለ ጥይት ግን ቧንቧ ነው። አንዱ ጥይት 15 ኪሎ ቢመዝን 500 ጥይት ሰባት ቶን ተኩል ነው፤ ሦስት ምልልስ። ባትሪ የሚባለው የመድፈኛ ክፍል ስድስት መድፍ አለው። ባትሪው ደግሞ አንድ አይደለም። በዚያ ላይ የአየር መቃወሚያ ሚሳይል፣ ውኃ፣ ነዳጅ፣ ምግብ አለ፤ ተመላሹም ቁስለኛ ይዞ ነው የሚመጣው። ለእግረኛ የሚተርፍ መቀመጫ የለም።

ስለዚህ እግረኛው ተራመደ። የባሕር ኃይል ኮማንዶዎቹና አየር ወለዶቹ በነፍስ ወከፍ 36 ኪሎና ከዚያ በላይ ተሸክመው ያንን ረግረግ በእግራቸው አቋረጡት፤ የብዙዎቹ እግር ከእርጥበቱ የተነሣ ተላጠ። በእንግሊዝ ይህ ጉዞ እስከ ዛሬ በጀግንነት ይወራል፤ ይገባዋልም። መነሻው ግን የመጓጓዣ እጥረት ነው።

የተረፈው አንድ ቺኑክ የሠራው ሥራ የሚገርም ነው። ጎኑ ላይ በተጻፉት ፊደላት «ብራቮ ኖቬምበር» ይሉታል። ሜይ 30 ሌሊት ሁለት መድፍ በሆዱ፣ አንዱን በገመድ አድርጎ ኬንት ወደተባለው ተራራ ወሰደ። በሌሊት የማያ መነጽር ያደረጉ የሲ ኪንግ አብራሪዎችም አብረው በረሩ፤ መነጽሩ ጥቂት ስለነበር የዚያ ቡድን ብርቅ ሀብት ነበር። ቺኑኩ ሲመለስ በረዶ ዘነበበት፤ ከፍታ መለኪያው አሳተውና በፍጥነት እየበረረ ውኃ መታ። ረዳት አብራሪው ለመዝለል በሩን ነቅሎ ጥሎት ነበር፤ ሄሊኮፕተሩ ግን ከውኃው ተላቆ እንደገና ወጣ። ያለ በር፣ ያለ ደህና ሬዲዮ፣ በነፋስ እየተገረፉ ገቡ።

ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ። አየር ወለዶቹ በትንንሽ የምድር ጦር ሄሊኮፕተሮች አንዲት ብቸኛ የእርሻ ቤት ሄዱና የቤቱን ስልክ አንሥተው ፊትዝሮይ መንደር ደወሉ። እዚያ አርጀንቲናውያን አሉ ወይ? የሉም፣ ሄደዋል ተባሉ። ወዲያው ብራቮ ኖቬምበር ወንበሩ ወጥቶ 81 ሰው አቁሞ ጭኖ ሄደ። የተሠራው ግማሹን ያህል ለመጫን ነው። የከተማ ታክሲያችን ተሳፋሪ ነገሩ ይገባዋል።

አርጀንቲናውያኑም ችግራቸው ይኸው ነበር። ስታንሊ ያለውን ተጠባባቂ ጦር ወደ ሳን ካርሎስ ሊወረውር የሚችለው ሄሊኮፕተር ብቻ ነው። እንግሊዞቹም ይህን አውቀው አደኑት። ሜይ 21 ንጋት ላይ በኬንት ተራራ ግርጌ መሬት ላይ የቆሙ ቺኑክና ፑማ ሄሊኮፕተሮች በሃሪየር ተመቱ። ሜይ 23 ጥይት ጭነው ሲሄዱ የተገኙ ፑማዎችና አንድ አጉስታ ሄሊኮፕተር ጠፉ። በእኔ እይታ ይህ አንድ ትልቅ መርከብ ከመስጠም አይተናነስም፤ ተጠባባቂው ጦር ባለበት ታስሮ ቀረ።

የሄሊኮፕተሩ ሌላ ፊት ሕይወት ማዳን ነው። ሜይ 21 የእንግሊዝ የጦር መርከብ «አርደንት» ስትቃጠል ሪክ ጆሊ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም በዌሴክስ ከላይ ደረሰ። የሚሰምጡ ሰዎች አየ፤ ራሱ በገመድ በረዷማው ባሕር ውስጥ ወርዶ አንዱን አቅፎ ወጣ፤ ተመልሶ ወርዶ ሁለተኛውን አወጣ። ጁን 8 ቀን ደግሞ ፊትዝሮይ አጠገብ «ሰር ጋላሃድ» ወታደር እንደጫነች በቦምብ ተመታች፤ 48 ሰው ሞተባት። ሰው የሞላባቸው የጎማ ጀልባዎች በነፋሱ ተገፍተው ወደሚነደው መርከብ መመለስ ጀመሩ። የሲ ኪንግ አብራሪዎች ጥይት እየፈነዳ ጥቁሩ ጭስ ውስጥ ገቡና ዝቅ ብለው ቆሙ። ከክንፋቸው በሚወርደው ነፋስ ጀልባዎቹን ወደ ዳር ገፏቸው። ለሥራው ማንም ያላሠለጠናቸው፣ ያኔ ቦታው ላይ የፈለሰፉት ዘዴ ነው።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። እንግሊዝ በ74 ቀን ውስጥ 24 ሄሊኮፕተር አጣች፤ ብዙውን በአደጋና ከመርከብ ጋር በመቃጠል። ከሁሉ የከፋው ሜይ 19 ምሽት ነው፤ ወታደር ከመርከብ ወደ መርከብ የሚያዘዋውር አንድ ሲ ኪንግ ባሕር ላይ ወደቀና 22 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ኤስ ኤ ኤስ ነበሩ። ጥይት የተኮሰባቸው ጠላት አልነበረም።

አንድ ሥራ ግን ሄሊኮፕተሩ ሳይሠራው ቀረ። ሜይ 4 ቀን የእንግሊዝ የጦር መርከብ «ሸፊልድ» በኤግዞሴት ስትመታ 20 ሰው ሞተ። የመርከብ ራዳር ከአድማስ በታች አያይም፤ ባሕሩን እየታከከ የሚመጣ ጄት የሚታየው ከደረሰ በኋላ ነው። ከፍ ብሎ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ይህን ዓይን፣ ራዳር የሚሸከሙ ጋኔት አውሮፕላኖቹን፣ ከጦርነቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ጡረታ አውጥቷቸው ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር መሐንዲሶች ለባሕር ቅኝት አውሮፕላን የተሠራ ራዳር ወስደው በሲ ኪንግ ጎን ላይ አንጠለጠሉት። በአየር የሚነፋ ጉልላት አለበሱት፤ ሲበር ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲያርፍ ወለሉን እንዳይነካ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ዓመታት ይፈጃል የተባለው ሥራ በ11 ሳምንት አለቀ። ሁለት እንዲህ ያሉ ሲ ኪንጎች በአዲሷ አውሮፕላን ጫኝ «ኢላስትሪየስ» ተጭነው ወደ ደቡብ ሲነሡ ወሩ ኦገስት ነበር። ስታንሊ ያለው ጦር እጁን የሰጠው ጁን 14 ቀን ነው።